ቦንዳ፣ ልብስ ሰፊ ወይስ አዲስ? የሥራና የአዘቦት ልብስን በትንሽ በጀት ቀስ በቀስ ለማደስ

ደመወዝ ሲገባ አንድ ሸሚዝ፣ ለበዓል አንድ ጫማ፣ ዋጋው ቀነስ ሲል አንድ ሱሪ እየተባለ ቁም ሣጥኑ ይሞላል። ሰኞ ጠዋት ግን የሚለበስ ይጠፋል። ሸሚዙ ከሱሪው ጋር አይሄድም፣ ሱሪው ወገብ ላይ ይሰፋል፣ ጫማው የክት ተብሎ ከተቀመጠበት አይነሳም። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚገባ ልብስ ዋጋው ስለናረ፣ እንዲህ እየገዙ ማባከን ከበፊቱ ይልቅ ያማል።

በአዲስ አበባ የሚኖር ደመወዝተኛ ከፊቱ ያሉት ምርጫዎች ብዙ ናቸው፤ ቦንዳ (ከውጭ የሚመጣ ልባሽ ልብስ)፣ ጨርቅ ገዝቶ ማሰፋት፣ ከውጭ የገባ አዲስ ልብስ፣ የአገር ውስጥ ፋብሪካ ምርት፣ የቴሌግራም ሻጮች። ከእነዚህ ውስጥ አንዱ ብቻውን ለሁሉም ልብስ አይሆንም። ለሱሪ የሚያዋጣው ቦታ ለኮት ያከስራል፣ ለኮት የሚያዋጣው ደግሞ ለካልሲ። ስለዚህ ምርጫው የሚደረገው በልብሱ ዓይነት ነው።

መጀመሪያ መለኪያዎቹ

ዋናው መለኪያ ልብሱ በአንድ መልበስ ስንት ብር እንደሚያወጣ ነው። ለስሌት ብቻ እንዲህ እንውሰድ፤ 2,400 ብር የወጣበት ሱሪ በሳምንት 2 ቀን እየተለበሰ 2 ዓመት ቢቆይ ወደ 208 ጊዜ ይለበሳል፤ በአንድ መልበስ 12 ብር ገደማ መሆኑ ነው። 900 ብር ተገዝቶ በ4 ወር ጉልበቱ የተነፋ ሱሪ ግን የሚለበሰው 34 ጊዜ ያህል ስለሆነ በአንድ መልበስ ከ26 ብር በላይ ያስወጣል። በጀት ጠባብ ሲሆን ርካሹ ይበልጥ ያጓጓል፤ ይህ ስሌት በጣም የሚያስፈልገውም ያኔ ነው።

ሁለተኛው ልክ ነው። እዚህ ላይ የሚስተካከለውንና የማይስተካከለውን መለየት ያስፈልጋል። የሱሪ ወገብ ከ3 እስከ 5 ሴንቲሜትር ማጥበብ፣ እግር ማሳጠር፣ የሸሚዝን ጎን ማስገባት ማንኛውም ልብስ ሰፊ በአንድ ቀን ይሠራዋል። የኮት ትከሻ፣ የሱሪ መቀመጫ ጥልቀት (ከወገብ እስከ ሁለቱ እግሮች መገናኛ ያለው ርዝመት) እና የሸሚዝ አንገት ግን ቢነኩም አያምሩም፣ ሥራውም ውድ ነው። ኮት ሲለኩ መጀመሪያ ትከሻውን ይዩ። የትከሻው ስፌት ከትከሻ አጥንትዎ ጫፍ አልፎ ከወረደ፣ የቀረው ሁሉ ቢያምር እንኳ ይተዉት።

ሦስተኛው እጥበት ነው። አብዛኛው ቤት ልብስ የሚታጠበው በእጅ፣ በዱቄት ሳሙና ነው፤ የሚሰጣውም ፀሐይ ላይ። ላውንደሪ ብቻ የሚገባ ልብስ በየወሩ ተጨማሪ ወጪ ያመጣል፤ ጥቁርና ደማቅ ጥጥ ደግሞ በዚህች ከፍታ ፀሐይ ቶሎ ይገረጣል። ገልብጦ አጥቦ ጥላ ውስጥ ማስጣት የቀለሙን ዕድሜ በግልጽ ያረዝመዋል።

አራተኛው፣ አዲስ የሚገባው ልብስ ቤት ካሉት ቢያንስ ከ3ቱ ጋር ይሂድ። ለዚህ አጭሩ መንገድ ለሱሪ፣ ለጉርድና ለኮት 2 ቀለም ብቻ መርጦ መጽናት ነው፤ ለምሳሌ ጠቆር ያለ ሰማያዊና ግራጫ፣ ወይም ቡናማና ክሬም። ሸሚዝና ሹራብ ላይ ቀለም እንደልብ ነው።

ስንት ቅያሪ?

ቁጥሩን የሚወስነው የእጥበት ቀን ነው። በሳምንት አንዴ የሚታጠብበት ቤት ለ5 የሥራ ቀን 5 ሸሚዝ ወይም ብላውዝ ይፈልጋል፤ ሁለቴ የሚታጠብበት በ3 ይበቃዋል። ሱሪ ወይም ጉርድ 3 በቂ ነው፤ ከነዚህ 1ዱ ለቅዳሜና እሑድም የሚሆን ቢሆን ጥሩ። ሹራብ 2፣ ኮት ወይም ጃኬት 1 ለሥራ 1 ለዝናብ፣ ጫማ 2፣ ቲሸርት 4። በክረምት ግን ወፍራም ጥጥና ጂንስ ሁለት ቀንም ተሰጥቶ እርጥብ ሊሆን ስለሚችል ከሰኔ በፊት 1 ሱሪና 2 ሸሚዝ መጨመር ይበጃል። እርጥብ ልብስ በካውያ እያደረቁ መልበስ ሽታ ያመጣል፣ ጨርቁንም ያብለጨልጨዋል።

ጨርቅ ገዝቶ ማሰፋት

ለሱሪና ለጉርድ ከዚህ የሚበልጥ አማራጭ የለም። ተሰፍቶ የሚሸጥ ሱሪ የሚገዛው በወገቡ ልክ እንጂ በዳሌው ስላልሆነ፣ አንዱ ሲገጥም ሌላው ይሰፋል ወይም ይጠባል። ልብስ ሰፊ ግን ሁለቱንም ለየብቻ ይለካል።

ጨርቅ መርካቶ ሲገዙ በቅድሚያ ወርዱን ይጠይቁ። 150 ሴንቲሜትር ወርድ ላለው ጨርቅ፣ ለመካከለኛ ቁመት ሱሪ ከ1.20 እስከ 1.30 ሜትር፣ እስከ ጉልበት ለሚደርስ ቀጥ ያለ ጉርድ ከ0.75 እስከ 1 ሜትር፣ ለረጅም እጅጌ ሸሚዝ 1.75 ሜትር፣ ለሙሉ ልብስ ከ3.25 እስከ 3.50 ሜትር ያስፈልጋል። የሸሚዙ ጨርቅ ወርዱ 115 ከሆነ 2.25 ሜትር ይውሰዱ። ረጅም ሰው ወይም ሰፊ ዳሌ ያለው ሰው ከመግዛቱ በፊት ልብስ ሰፊውን ይጠይቅ፤ 20 ሴንቲሜትር የጎደለው ጨርቅ በኋላ አይሟላም። ከጥቅል መጨረሻ የሚቀር የ1.30 ሜትር ቁራጭ ለሱሪ ይበቃል፤ ለብዙ ነገር ስለማይሆን ሻጩ ዋጋውን ሊቀንስ ይችላል። ቀድመው ይጠይቁት።

የጨርቁን ዓይነት ለማወቅ ከጠርዙ ጥቂት ክር ነቅለው ከሱቁ ውጭ በክብሪት ይለኩሱ። ጥጥ እንደ ወረቀት ነድዶ ለስላሳ ግራጫ አመድ ይተዋል። ፖሊስተር ይቀልጥና ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ይሆናል። ሱፍ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ እሳቱም ራሱ ይጠፋል። ለሥራ ሱሪ ፖሊስተርና ቪስኮስ የተቀላቀለበት ጨርቅ ተኩሱን ይይዛል፣ ቶሎም ይደርቃል። ንጹሕ ጥጥ ካኪ ይመቻል፣ ግን ይጨማደዳል፣ ጉልበቱም ቶሎ ይገረጣል። ለሸሚዝ ንጹሕ ጥጥ ላብ ይጠጣል፤ ቴትሮን (ፖሊስተር ያለበት ጨርቅ) ካውያ ብዙ አይፈልግም፣ በረጅም የታክሲ ሰልፍና በሙቅ ቢሮ ግን ያፍናል።

ጥጥ ከሆነ ከመቆረጡ በፊት ይነከርና ይድረቅ። ያልተነከረ ጥጥ በመጀመሪያዎቹ እጥበቶች ከ3 እስከ 5 በመቶ ሊሰበሰብ ይችላል፤ 100 ሴንቲሜትር ርዝመት ያለው ሱሪ ላይ ይህ እስከ 5 ሴንቲሜትር ነው፣ ቁርጭምጭሚት ሊያሳይ ይበቃል።

ልብስ ሰፊው ጋ ሲሄዱ በደንብ የሚገጥምዎትን አሮጌ ሱሪ ለናሙና ይዘው ይሂዱ፤ ሥራ የሚሄዱበትን ጫማም ይጫሙ። በሜትር መለካት ብቻውን የመቀመጫውን ጥልቀት አያሳይም። ከዚያ እነዚህን በግልጽ ይንገሩት፦

- ከኋላ ስፌቱ ውስጥ ከ2 እስከ 3 ሴንቲሜትር፣ እግር እጥፋቱ ላይ ከ4 እስከ 5 ሴንቲሜትር ትርፍ ይተው። ሰውነት ሲጨምር ሱሪው የሚተርፈው በዚህ ነው።
- ዚፑ የብረት ይሁን፣ የኪሱ ውስጥ ጨርቅ ደግሞ ጠንካራ ጥጥ። በርካሽ ሱሪ ላይ ቶሎ ከሚያልቁት አንዱ ኪስ ነው፤ ቁልፍና ስልክ ይበሳዋል።
- የውስጥ ጠርዙ ሁሉ እንዳይተረተር ኦቨርሎክ ይመታ፣ የተረፈው ቁራጭም ይመለስልዎት። በኋላ መጣፊያ ይሆናል።

ሦስት ጨርቅ በአንድ ቀን አያስረክቡ። አንዱን አሰፍተው፣ አንድ ሳምንት ለብሰው፣ ሁለቴ አጥበው ጉድለቱን ይዩ፤ ሁለተኛው ያንን ያርማል። ሲረከቡ ቁጭ ብለው፣ ጎንበስ ብለውና ደረጃ ወጥተው ይሞክሩ። ሒሳቡን በሙሉ ቀድመው አይክፈሉ፤ ቀጠሮ መዝለል የዚህ ሥራ የታወቀ ችግር ነው።

የማሰፋት ድክመት ኮሌታ ላይ ይታያል። በኮሌታ ውስጥ የሚገባው ማጠንከሪያ ጨርቅ ጥሩ ካልሆነ፣ ወይም በበቂ ሙቀት ካልተጣበቀ፣ ከ3 ወይም 4 እጥበት በኋላ ተላቅቆ አረፋ ያወጣል። ስለዚህ ሸሚዝ የሚያሰፉት የሰፊውን ሌላ ሸሚዝ ታጥቦ ካዩ ብቻ ነው። ኮት ደግሞ ለኮት ሠሪ ይተው፤ የሰፈር ሱሪ ሰፊ ሁሉ ኮት አይችልም።

ቦንዳ ወይም ሰልባጅ

ልባሽ ጨርቅን ለንግድ ወደ አገር ማስገባት የተከለከለ ነው። ገዢው ይህን ማወቅ አለበት፤ ደረሰኝ የለም፣ መመለስ የለም፣ ቁጥጥር ሲጠብቅ ገበያው ይደርቃል። ሆኖም የብዙ ሰው ልብስ የሚመጣው ከዚህ ስለሆነ ሳይነካ የሚታለፍ አይደለም።

ቦንዳ የሚያሸንፈው በኮት፣ በሱፍ ሹራብ፣ በጃኬትና በወፍራም ጂንስ ነው። እነዚህ በአዲስነታቸው ውድ የሆኑ፣ የተሠሩበትም ጨርቅ ጠንካራ በመሆኑ አንድ ሰው ለብሷቸውም ዕድሜ የሚተርፋቸው ናቸው። ቲሸርት፣ ካልሲ፣ የውስጥ ልብስና የጡት መያዣ ግን ከዚህ አይገዛም፤ ላስቲካቸው አልቋል፣ ለጤናም አይሆኑም። የተለበሰ ጫማም እንዲሁ፤ ሶሉ የሌላ ሰው እግር ቅርጽ ይዟል፣ ሙጫውም በመጋዘን ቆይታ ደርቆ በሳምንት ሊላቀቅ ይችላል።

ቦንዳ ሲፈታ መጀመሪያ የሚመርጥ ሰው ዋጋ ይጨምራል፣ ግን ጥሩውን ያገኛል። ከክምሩ መጨረሻ የሚወስድ በርካሽ ይወስዳል፣ ጊዜውን ይከፍላል። ደንበኛ የሆኑበት ሻጭ ካለ የሚፈታበትን ቀን ይነግርዎታል። መሞከሪያ ክፍል ስለማይኖር ከቤት ሳይወጡ በጣም የሚገጥምዎትን ኮትና ሱሪ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ይለኩ፤ ትከሻ ከስፌት እስከ ስፌት፣ ደረት ከብብት እስከ ብብት፣ የእጅጌ ርዝመት፣ ወገብ፣ የውስጥ እግር። ቁጥሮቹን ስልክዎ ላይ ጽፈው ሜትር በኪስ ይዘው ይሂዱ። መለያው ላይ ያለው ቁጥር ከአገር አገር ስለሚለያይ አይመኑት።

ብርሃን ፊት ይዘርጉና ብብቱን፣ የኮሌታውን እጥፋት፣ የሱሪውን መቀመጫ፣ የክርኑን ቦታ ይዩ። የሳሳ ጨርቅ ብርሃን ያሳልፋል፣ እሱን ምንም አያድነውም። የተነቀለ ቁልፍ፣ የተፈታ ስፌት፣ የተቀደደ ገበር ግን ለመደራደሪያ ይሆናሉ፤ ጥገናቸው ቀላል ነው። የብብት ቢጫ እድፍ በቀላሉ አይለቅም። ሱፍ ላይ ትንንሽ ቀዳዳ ካዩ የብል ሥራ ነውና ቤት ይዘውት አይግቡ፣ ሌላውንም ያስበላል።

ቤት ሲገባ፣ ሙቀት የሚችለውን በሙቅ ውኃ አጥቦ በሙቅ ካውያ ስፌቱን ሁሉ መተኮስ። ሙቀት የማይችለውን ሱፍ በፌስታል አስሮ ቢያንስ ለአንድ ሳምንት ማቆየት፣ ከዚያ ለብ ባለ ውኃ ማጠብ። እከክ የሚያመጣው ነፍሳት ከሰው ገላ ከራቀ ብዙ ቀን አይኖርም።

ከውጭ የገባ አዲስ ልብስ

ሸሚዝ፣ ቲሸርት፣ ካልሲና የውስጥ ልብስ ከዚህ ነው የሚገዛው። ቦሌ ቡቲክ ላይ የተሰቀለው ሸሚዝ መርካቶ ከደርዘኑ መሐል ሊገኝ ይችላል፤ ልዩነቱ ኪራይና መብራት ነው። ቡቲክ የሚያስከፍለው ጭማሪ የሚያዋጣው ለብሶ መሞከርና መለወጥ ከቻሉ ብቻ ነው። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ከተባለ፣ ቢያንስ ለልክ መለወጥ ይቻል እንደሆነ ከመክፈልዎ በፊት ይስማሙ። መርካቶ በጅምላ የሚሸጡ ሱቆች በደርዘን ወይም በግማሽ ደርዘን ስለሚሰጡ 3 ወይም 4 የሥራ ባልደረቦች ተሰባስበው አንድ ደርዘን ነጭና ሰማያዊ ሸሚዝ ቢካፈሉ የችርቻሮው ትርፍ ለእነሱ ይቀራል። ልክ ተመርጦ መቀላቀሉን ግን አስቀድመው ያረጋግጡ።

ጥራቱን ለማየት ስፌቱን ይቁጠሩ፤ በ1 ሴንቲሜትር 4 ወይም 5 ስፌት ያለው ሸሚዝ ይቆያል፣ 2 ወይም 3 ብቻ ያለው በብብት በኩል ይፈታል። ጨርቁን በጡጫዎ ለ10 ሰከንድ ጨብጠው ይልቀቁ፤ እንደተጨማደደ ከቀረ በቢሮ ወንበርም ላይ እንደዚያው ነው። ነጭ ሸሚዝ ሥር እጅዎን ያስገቡ፣ የቆዳዎ መልክ ጥርት ብሎ ከታየ ጨርቁ ሳስቷል። ቀጭን የፖሊስተር ሱሪ ደግሞ በካውያ ሙቀት መቀመጫው ላይ ያብለጨልጫል፤ የገዛ ሰው እርጥብ ጨርቅ ደርቦ ይተኩስ።

የአገር ውስጥ ፋብሪካና የቴሌግራም ሻጮች

የአገር ውስጥ ፋብሪካ ሙሉ ልብስ ለባንክ፣ ለፍርድ ቤትና ለመሳሰለው ሥራ ጥሩ ምርጫ ነው። የተመሳሳይ ጨርቅ ኮትና ሱሪ ለየብቻ ልክ ይመርጣሉ፣ ደረሰኝ አለ፣ ሱቁም ነገ እዚያው ነው። ፋሽኑ ቀስ ብሎ የሚለወጥ በመሆኑ ለወጣት ላይማርክ ይችላል፤ ለሥራ ልብስ ግን ይህ ጥቅም ነው። እጅጌና እግር ማሳጠር በዋጋው ውስጥ መሆኑን ይጠይቁ፣ ሁለተኛ ሱሪ በዚያው ጨርቅ የሚሸጡ ከሆነም ይግዙ። ከሙሉ ልብስ ቀድሞ የሚያልቀው ሱሪው ነው።

በቴሌግራምና በቲክቶክ የሚሸጥ፣ አንዳንዴም ከውጭ በሻንጣ የመጣ ልብስ፣ ምርጫው ሰፊ ነው፣ ፎቶው ግን ጨርቅ አያሳይም። ልብሱ ተዘርግቶ በሴንቲሜትር እንዲለካልዎ ይጠይቁ፣ በእጅዎ አይተው ይክፈሉ። ቅድሚያ ሙሉ ክፍያ የሚጠይቅን ሻጭ ይለፉት።

ጫማ

በጀቱ ሲጠብ ጫማ መጨረሻ ይደረጋል፤ መሆን ያለበት ግን መጀመሪያ ነው። ጭቃና አቧራ ያለበት ከተማ ውስጥ ርካሽ ሰው ሠራሽ ጫማ በአንድ ክረምት ይላጣል፣ የተላጠ ደግሞ አይጠገንም። እዚሁ የሚሠራ የቆዳ ጫማ ሊስትሮ እየቀባው፣ ጫማ ሰፊ ሶሉን እየቀየረለት ዓመታት ይሄዳል። በአውራ ጣት ሲጫኑት ትናንሽ መጨማደድ የሚያሳይ፣ ጠርዙ ሲታይ ክር ክር የሚል እውነተኛ ቆዳ ነው። ሶሉ ጎማ ይሁን፣ በማስቲሽ ብቻ የተጣበቀ ሳይሆን ዙሪያውን የተሰፋ ቢሆን ይመረጣል፤ ለማየት ብቻ የተሰመረ የውሸት ስፌት ስላለ ከሥር ገልብጠው ይዩ። የራሰ ጫማ ጋዜጣ ጎስጉሰው ጥላ ውስጥ ያድርቁት። ከሰል አጠገብ ከተቀመጠ ቆዳው ይሰነጠቃል፣ ማስቲሹም ይለቃል።

በአንድ እይታ

| አማራጭ | ምርጥ የሚሆነው ለ | የመነሻ ወጪ | ልክ | ዋናው ስጋት |
|---|---|---|---|---|
| ማሰፋት | ሱሪ፣ ጉርድ፣ ቀሚስ | መካከለኛ | በጣም ጥሩ | ቀጠሮ መዝለል፣ ደካማ ኮሌታ |
| ቦንዳ | ኮት፣ ሹራብ፣ ጃኬት፣ ጂንስ | ዝቅተኛ | እንደ ዕድል | ደረሰኝ የለም፣ ብልና እድፍ |
| ከውጭ የገባ አዲስ | ሸሚዝ፣ ቲሸርት፣ ካልሲ፣ የውስጥ ልብስ | ከመካከለኛ እስከ ከፍተኛ | መካከለኛ | ሳሳ ያለ ጨርቅ፣ የማይታመን መለያ |
| የአገር ውስጥ ፋብሪካ | ሙሉ ልብስ፣ የቆዳ ጫማ | ከፍተኛ | ጥሩ | ጠባብ የፋሽን ምርጫ |
| ቴሌግራም | ለይተው የሚያውቁት ልብስ | ይለያያል | ሳይሞከር አይታወቅም | ከፎቶው የተለየ ዕቃ |

ለማን የትኛው?

*በወር አንድ ነገር ብቻ መግዛት ለሚችል።* የመጀመሪያው ወር ገንዘብ ለጥገና ይሂድ፤ ያለውን ሁሉ አውጥቶ ቁልፍ ማስተከል፣ ወገብ ማስጠበብ፣ እግር ማሳጠር፣ ሶል ማስቀየር። ብዙ ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ልብስ ከዚህ ይገኛል። ከዚያ ጫማ፣ ቀጥሎ አንድ የተሰፋ ሱሪ ወይም ጉርድ፣ ቀጥሎ ሁለት ሸሚዝ፣ ከክረምት በፊት ከቦንዳ አንድ ኮት። ወራት ቢወስድ እንኳ የተገዛው ሁሉ ይለበሳል።

*አዲስ ሥራ ለሚጀምር ተመራቂ።* በአንድ ጊዜ የሚያስፈልገው 1 ጫማ፣ 2 ሱሪ ወይም ጉርድ፣ 3 ሸሚዝ፣ 1 ሹራብ ነው። ሙሉ ልብስ ከመግዛቱ በፊት የቢሮውን አለባበስ አንድ ወር ይየው። ድርጅቱ ኮትና ክራቫት ካላስገደደ ያ ገንዘብ ለሌላው ሁሉ ይበቃል።

*ኮትና ክራቫት ግዴታ ለሆነበት ሠራተኛ።* አንድ ሙሉ ልብስ ከሁለት ሱሪ ጋር ከፋብሪካ፣ ለቅያሪ ደግሞ ቀለሙ በግልጽ የተለየ ኮት። ከሱሪው ጋር ለመመሳሰል ጥቂት የጎደለው ኮት ተራርቆ ከተመረጠው የከፋ ይመስላል። ዕቁብ ያለው ሰው ዕጣው የሚደርሰውን ወር ለዚህ ይያዘው፤ ሌላው ልብስ በወር ገቢ ይሸፈናል።

*ከፊል ቢሮ ከፊል መስክ ለሚሠራ።* ጠቆር ያለ፣ ያልተቀዳደደ ጂንስ ከቦንዳ፣ ካኪ ሱሪ ከልብስ ሰፊ፣ የተሰፋ የጎማ ሶል ያለው የቆዳ ጫማ። እነዚህ በሸሚዝ ቢሮ፣ በቲሸርት ቅዳሜ ይለበሳሉ።

*ቀሚስና ጉርድ ለምትመርጥ፣ ረዘም ያለ ልብስ ለምትለብስ ሴት።* ማሰፋት ከሁሉ ይቀድማል፤ ተሰፍቶ ከሚሸጠው መካከል ርዝመቱ፣ እጅጌውና ደረቱ አብረው የሚገጥሙበት አጋጣሚ ትንሽ ነው። ገበር ያስገቡበት፤ ያለ ገበር የተሰፋ ቀጭን ጉርድ እግር ላይ ይጣበቃል፣ ብርሃንም ያሳልፋል።

ጊዜውም ዋጋ አለው። ከነሐሴ አጋማሽ እስከ መስከረም ልብስ ሰፊዎች በተማሪ ዩኒፎርም ይጠመዳሉ፤ ከጥር ሠርግና ከፋሲካ በፊትም እንዲሁ። ጥቅምትና ኅዳር፣ ወይም የዐቢይ ጾም መጀመሪያ ሳምንታት ጨርቅ ይዞ ለመሄድ የተሻሉ ናቸው፤ ሰፊው ጊዜ ስላለው ለሁለተኛ ልኬት አይቸኩልም። ሹራብና ኮት በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀት ይፈለጉ፣ ዝናቡ ከጀመረ ሻጩ አይደራደርም። የማይለበሰውን አሮጌ ልብስ ደግሞ ለልዋጭ ከመስጠትዎ በፊት ቁልፉን፣ ዚፑንና ደህናውን ገበር ፈትተው ያስቀሩ፤ ለቀጣዩ ጥገና ይሆናሉ።